የእትዬ ፖስታ ጠረጴዛ

የበር ፋብሪካው ሁለት ፕሮግራሞች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደተኳረፉ ኖረዋል። የሽያጩ ትእዛዝ ይመዘግባል፤ የወርክሾፑ ለአናጺዎች የሥራ ወረቀት ያወጣል፤ እርስ በርስ ግን ሰላምታ እንኳ የላቸውም። አስታራቂያቸው እትዬ ፖስታ ነበረች። ከአንዱ ስክሪን እያነበበች በሌላው ላይ መልሳ ትጽፋለች። ስሙን ያወጡላት አናጺዎቹ ናቸው፤ እሷም እናቷ ካወጣችላት ስም ይልቅ ለዚህኛው ቶሎ «አቤት» ትላለች።

አንድ ሰኞ ላፕቶፕ ያነገተች ፕሮግራመር መጣችና በሁለቱ መካከል አገናኝ ሶፍትዌር ዘረጋች። «ከእንግዲህ የአንዱን ለሌላው እሱ ያደርሳል፤ እርስዎ ያርፋሉ» አለቻት በደስታ። ማረፍ! እትዬ ፖስታ ቃሉን ጠረጠረችው። ጡረታዋ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ ሥራ አስኪያጁም ወዴት እንደምትዛወር ትንፍሽ አላለም።

ሙከራው ሲጀመር ከኋላ ቆማ አየች። የመጀመሪያው በር፣ ዘጠና በሁለት መቶ አሥር ሴንቲሜትር። ወዲያው ነገሩ ገባት። ሽያጮች ወርዱን ያስቀድማሉ፤ ወርክሾፕ ደግሞ ቁመቱን። ይህን ሁሉ ዓመት የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ስታቀያይር የኖረችው እሷ ናት፤ ማንም ስላልጠየቃት ለማንም አልተናገረችም። አገናኙ ሳያቀያይር አሳለፈው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ «ያርፋሉ» የሚለው ትዝ ሲላት መልሳ ገጠመችው። እስቲ ያለ እኔ ይሞክሩት!

ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ በሳቅ ተናጋ። የተሠራው በር ቁመቱ ዘጠና፣ ወርዱ ሁለት መቶ አሥር ነበር፤ ማጠፊያውም የቁልፉ ቀዳዳም በአጭር በአጭሩ ጎን። «ቤተሰቡ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየዳኸ ነው እንዴ የሚገባው?» አለ አንዱ።

ዋናው አናጺ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ እሳቸው ብቻ አልሳቁም።

«ጋሼ፣ ምነው ሲሠሩት አላዩም?» አለ ሥራ አስኪያጁ ቆጣ ብሎ።

«አይቻለሁ። ግን ፖስታ የጻፈችው ወረቀት መስሎኝ። የእሷ ተሳስቶ አያውቅማ!»

እትዬ ፖስታ መሬት ብትውጣት በወደደች። «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም» አለች። «እያየሁ ዝም አልኩ። ከሥራ የምወጣ መስሎኝ አኮረፍኩ።» የወርዱንና የቁመቱንም ነገር ዘረገፈችው።

ፕሮግራመሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ሌላም አለ?»

«ምን እሱ ብቻ! ሽያጮች ‹ቀኝ› ሲሉ ከውጭ ቆመው ነው፤ ወርክሾፕ ከውስጥ። ‹ቡናማ› ሲሉ ደግሞ…»

«ቆይ ቆይ፣ ልጻፈው!»

እስከ ሐሙስ ሠላሳ አራት ደንብ ተጻፈ። ፕሮግራመሯ ዝርዝሩን ለሥራ አስኪያጁ ዘርግታ አሳየችው። «ይህን አገናኙ ከየት ያውቀዋል? ሽያጮች ነገም አዲስ ነገር ያመጣሉ። የሚያስተምረውና የሚቆጣጠረው ሰው ይፈልጋል።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አከከ። «ሰውስ አለን። ለአዲሱ ሥራዋ የሚሆን ጠረጴዛ ነው የሌለን።»

ጠረጴዛውን ጋሼ ሠሩት፤ ከዚያው ከተበላሸው በር። የኮምፒውተሯ ገመድ በቁልፉ ቀዳዳ እንዲያልፍ አሰቡለት። እግሮቹን ከመቁረጣቸው በፊት ግን ሜትራቸውን ይዘው ቢሮዋ ድረስ መጡ።

«ቁመቱን ስንት ላድርገው? ዛሬ ካንቺ አፍ ሳልሰማ አልቆርጥም።»

እትዬ ፖስታ እንባዋ እየመጣ ሳቀች። «ሰባ አምስት!» አለች፣ ወርክሾፕ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ።