የታችኛው መድፈኛ

ጠዋት ሩዙን አጥቤ ጣድኩና የኋላውን መስኮት ከፈትኩ። የኩሬው ውሃ ከድንጋዩ ደረጃ አናት ትንሽ ዝቅ ብሏል። ይህን ሳላይ ሻይ አልጠጣም፤ ባሌ ኪዮማሳም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ካርታውን ጠቅልዬ ወደ መንደሩ አዳራሽ ወረድኩ።

የአውራጃውን የመስኖና የመጠጥ ውሃ ጥናት የምመራው እኔ ነኝ። በታች ያሉት ከተሞች በየበጋው ውሃ በቦቴ ይታደላቸዋል፤ የሩዝ ማሳቸውም ይሰነጣጠቃል። ውሃው በራሱ ቁልቁል እንዲደርሳቸው የውሃ ማጣሪያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሠራት ነበረበት። ያ ከፍታ የተገኘው የእኛ መንደር ኩሬ ላይ ብቻ ነው። ኩሬው ደርቆ በአፈር ይሞላል፤ ማጣሪያው በላዩ ይሠራል፤ የመንደሩ ማሳም ውሃውን በቧንቧ ያገኛል። ለዚህ ግን በኩሬው ድርሻ ያለው ቤት ሁሉ ውሉ ላይ የቤቱን ማህተም ማሳረፍ አለበት። አንድ ቤት እምቢ ካለ በጀቱ ወደ ሌላ አውራጃ ይዞራል።

አዳራሹ ውስጥ ማንም ማህተሙን አላወጣም። በዓይን የማይታይ ውሃ እንዴት እኩል ይከፈላል ብለው ጠየቁ። የቧንቧው መቆጣጠሪያ ቁልፍ በመንደሩ እጅ እንደሚሆን ነገርኳቸው።

«ለያሳኩ ብቻ እንዳትሰጡት» አለ ከኋላ አንዱ። «መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ነው የሚፈልገው።»

ሰዉ ሳቀ። የኩሬው ማኅበር ሰብሳቢ አባባ ያሳኩ አልሳቁም።

«እውነት ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። «ወይስ ባልሽን የበላውን ኩሬ እየተበቀልሽ?»

ካርታውን ዘርግቼ ከፍታዎቹን አሳየሁ። የሚጠራጠር ካለ የራሱን ሰው አምጥቶ ያስለካ አልኩ።

«እንዴትስ ነው የምታደርቂው?»

በፓምፕ አልኳቸው። ጥናቱ ላይ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር። እዚያው ኖሬ፣ ኩሬው መድፈኛው ተስቦ እንደሚከፈት እያወቅኩ፣ እንደዚያ መጻፌ ስህተት ነበር።

በችግኝ ተከላ ወራት ኩሬውን የመክፈት ተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። መጀመሪያ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት የላይኞቹ የእንጨት መድፈኛዎች ይሳባሉ፤ ውሃው ሲወርድ ተረኛው ጠልቆ የታችኛውን ይስባል። ኪዮማሳ በተራችን ዓመት ጠልቆ ገባ፤ በሕይወት አልወጣም። የተጀመረ ተራ ደግሞ ለሌላ ቤት አይተላለፍም። ከዚያ ወዲህ የታችኛውን መድፈኛ የነካ የለም።

«የኪዮማሳ ቤት የጀመረውን ይጨርስ» አሉ አባባ ያሳኩ። «ያኔ ማህተሜን አወጣለሁ።»

አብሮኝ የመጣው አለቃዬ ኦዳጊሪ እጅጌዬን ሳብ አድርጎ ሌላ ጊዜ እንመለስ አለኝ። ሌላ ጊዜ እንደሌለ እሱም ያውቃል።

«እሺ» አልኩ።

የላይኞቹ ተከፍተው ውሃው እስኪወርድ ጠበቅን። በዕለቱ መንደሩ ሁሉ ዳር ላይ ቆመ። ገመዱን ወገቤ ላይ ያሰሩልኝ አባባ ያሳኩ ናቸው።

«ከከበደሽ ሁለቴ ሳቢው» አሉ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዚያን ዕለትም የኪዮማሳን ገመድ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ሰው ይያዝልሽ?»

«አይ። እርስዎ ይያዙ።»

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። መድፈኛው አጠገብ የቆመውን የእንጨት ምሰሶ ተከትዬ ወረድኩ፤ መድፈኛውን በእግሬ አገኘሁት። አልጌ ለብሶ ያንሸራትታል። የያዝኩትን መንጠቆ አስገብቼ ሳብኩ፤ አልነቃነቅም አለ። ደግሜ ስስብ ለቀቀና ውሃው እግሬን ወደ ቀዳዳው ጎተተው። ምሰሶውን አቀፍኩ። ገመዱን ሁለቴ ለመሳብ እጄን መልቀቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ላይ ያሉት ግን ሳልጠራቸው ገመዱን ወጠሩት፤ ቀስ በቀስም ወደ ላይ ሳቡኝ።

ስወጣ አባባ ያሳኩ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ገመዱ ክንዳቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ማታውን አዳራሹ ውስጥ ቀድመው ማህተማቸውን አሳረፉ። እኔ የኪዮማሳን ማህተም መጨረሻ ላይ አሳረፍኩ።

የታችኞቹ ከተሞች ዘንድሮ ቦቴ አልጠበቁም። ሩዙን በቧንቧ ውሃ አጥቤ እጥዳለሁ፤ የኋላውን መስኮት እከፍታለሁ።

ኩሬው የለም።