የተላጨው ክንድ

አባቴ ወደ ፀጉር ቤቱ ሊመለስ ነው። አክስቴ የሰጠችው ኩላሊት ተስማምቶታል፤ የተስማማው ግን በመድኃኒት ነው። የሰውነት ዘቦች ባዕድ ነገር ሲያዩ ዝም አይሉም፤ የእህትም ኩላሊት ቢሆን ያጠቁታል። መድኃኒቱ እነሱን ያደክምና ኩላሊቱን ያተርፋል፤ ኢንፍሉዌንዛ ሲመጣ ግን አባቴን የሚጠብቀው ይቀንሳል። ራሱ ተከትቧል። የደከሙ ዘቦች ግን ትምህርት ቶሎ አይገባቸውም።

«አጠገብዎ የሚውሉ ሰዎች ይከተቡ፤ ከዚያ ሥራዎን ይጀምሩ» አለው ሐኪሙ።

ቤት ያለነው ተከትበናል፤ ሥራ ላይ አጠገቡ የሚውለው ግን ረዳቱ ጎራዴ ነው። ስሙን ደንበኞች ያወጡለት ምላጭ አያያዙን አይተው ነው። አባቴ ሲታመም ፀጉር ቤቱን ብቻውን ያቆየልን እሱ ነው። የአባቴ ወንበር ላይ ማንንም አላስቀመጠም፤ በየጠዋቱ ግን ይወለውለው ነበር።

አንድ ማለዳ፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ አባቴ ጭምብል አድርጎ ቤቱን ሊያይ ከእኔ ጋር መጣ።

«ተከተብኩ ጋሼ!» አለ ጎራዴ እጅጌውን ሰብስቦ። ክንዱ ላይ ፕላስተር አለ። «ትንኝ የነከሰችኝ እንኳ አልመሰለኝም።»

አባቴ ክንዱን ወደ ብርሃን አዞረው። ጎራዴ ፀጉራም ነው። በፕላስተሩ ዙሪያ ግን አንዲት ፀጉር የለም፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተላጭቷል።

«ነርሷ መላጨትም ጀመረች?»

ጎራዴ እጅጌውን ወደ ታች ጎተተ።

«ጠርዝ እንዲህ የሚያወጣ አንድ ሰው ነው የማውቀው።»

«መርፌ እፈራለሁ ጋሼ። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።»

«ቀኑን ሙሉ ምላጭ ጉሮሮ ላይ የምታንሸራትት ሰውዬ!»

«እሱ የሰው ጉሮሮ ነዋ!»

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መንገዱን ተሻግሬ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሰው ማስቸገር አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን ነርሷን ለመንኳት። የክትባት ሳጥኗን ይዛ ተከተለችኝ።

ስንመለስ አባቴ ጎራዴን የራሱ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ጨርቅ አልብሶ፣ ያልበራ የፀጉር ማሽን አስይዞታል። ፀጉር ቆረጣ የሚፈሩ ሕፃናትን የሚያባብለው እንዲህ ነው።

«አንተ ደንበኛን በማጅራቱ ታውቀው የለ?» ይለዋል። «ክትባትም የበሽታውን ማጅራት ነው ለሰውነትህ የሚያሳየው፤ በሽታው ራሱ አይደለም። በኋላ ዋናው ሲመጣ ዘቦችህ ‹ይሄን ሰውዬማ እናውቀዋለን› ይላሉ። አንተ ጋ ከቆመ ደግሞ እኔ ጋ የሚደርስበት በር ይጠባል።»

«አለቀ» አለች ነርሷ።

«መቼ ጀመርሽና ሲስተር?»

ዘቦቹ እስኪማሩ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። አባቴ ሥራ በጀመረ ቀን ጎራዴ የመጀመሪያው ደንበኛ ልሁን ብሎ ወንበሩን ያዘ። የተላጨው ክንዱ ፀጉር ማብቀል ጀምሯል።

አመሰግናለሁ ልለው ብዬ አፌ ላይ ቀረ። መጥረጊያ አንስቼ ወንበሩ ሥር የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀመርኩ።

«ተይው፣ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ ጎራዴ።

«ዛሬ እኔ ልጥረገው» አልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ አየኝና እግሩን አነሳልኝ።