የሐሰተኛዋ ሴት ዓይን

በእኛ ሙያ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይሳላል። ንጉሥ ሰሎሞን ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል ብሎ ባዘዘ ጊዜ እውነተኛዋ እናት «አይከፈል፣ ለእሷ ይሰጣት» ያለችበትን ታሪክ አያቴ ጎጃም ሳለ በብራና ስሎታል፤ ወታደሩን ጎራዴ አስያዘው። አባቴ በግድግዳ ሲስለው ምንሽር ጨመረለት። እኔ የክብር ዘበኛ ካኪ አለበስኩት። ሐሰተኛዋ ግን ከአያቴ ጀምሮ አንድ ዓይና ናት። ፈረንጆች ያተሙትንም አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ሴቶች በጎን ስለዋቸው የትኛዋ ቀጣፊ እንደሆነች ሰሎሞን ራሱ ቢመጣ አይለይም።

ኮልፌ ጨርቅ የምትነግደው ካሳነሽ ይህንኑ ታሪክ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አሠራችኝ። ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤቷ ፀዳለ አራስ ልጇን ትታላት ጅማ ሄደች፤ ካሳነሽ ስድስት ዓመት አሳደገቻት። ፀዳለ ተመልሳ ከሰሰች። ዳኛው ልጅቷ ቀርባ ትምረጥ ሲሉ ካሳነሽ «ልጄን በሰው ፊት አላስጨንቃትም» ብላ ለቀቀቻት። ከዚያ ወዲህ ፀዳለ ልጅቷን በካሳነሽ ደጅ እንኳ አታሳልፋትም።

እኔም ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም። ለሐሰተኛዋ የፀዳለን መልክ ሰጥቼ በአንድ ዓይን ሳልኳት።

ካሳነሽ ሸራውን ልታይ መጣች።

«አለቃ፣ ሌላውን ዓይኗን ይጨምሩላት» አለች።

«ሕጉ አይፈቅድም። ደግሞ ይገባታል።»

«ልጄ በየሰንበቱ እዚህ ልትሳለም ትመጣለች። እናቷን እንዲህ ሆና ትያት?»

«ታዲያ እውነተኛዋ በምን ትታወቅ?»

«እጇን ባዶ አድርገው ይሳሉልኝ» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

የሐሰተኛዋን ፊት አዙሬ ሁለተኛ ዓይን ሰጠኋት፤ የእውነተኛዋንም እጅ ባዶ አደረግሁት። ሥዕሉ በተሰቀለ ቀን ቄሱ «ኃጥኡ የታለ?» ብለው አጉረመረሙ። ፀዳለ ልጅቷን ይዛ ፊት ለፊቱ ቆመች። መልኳን ሳታውቀው አልቀረችም። ቀጥሎ ባዶ እጇን የዘረጋችውን ሴት ብዙ አየቻት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች።

በሳምንቱ አቡጀዲ ልገዛ ካሳነሽ ሱቅ ገባሁ። ልጅቷ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች።

«ማን ላከሽ?» አልኳት።

«እማዬ።»

«ወደ ማን?»

«ወደ እማዬ» አለችኝ።