የበሩ መልህቅ

እኔ ወደቡ ላይ የመርከቡን ትኬት እቆርጣለሁ፤ ባሌ ደግሞ ካፒቴኑ ነበር። ሰው ይቀናብን ነበር። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከመጣ ወዲህ ግን የሚያስቀና ነገር የለንም።

ሰውየው ገና ወንበሩ ሳይሞቅ የመርከባችንን መልህቅ አስፈትቶ፣ ወርቃማ ቀለም አስቀብቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ በር በስተቀኝ አስተከለው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ገትሮን "መልህቅ ማለት ጽናት ነው! መልህቅ ማለት ራዕይ ነው!" ሲል ዋለ። አጨበጨብን። ምን እናድርግ?

ባሌ ብቻ እጁን አወጣ። "ጌታዬ፣ ትርጉሙስ ገብቶናል። ሞተር ሲጠፋ መርከቡን ምን ይያዝልን?"

"ይሄ ጨለምተኝነት ነው!" አለና ስብሰባውን ዘጋ።

ቤት ስንገባ "አንተ ሰው፣ አፍህን ብትይዝ ምናለበት? ዝም አይነቅዝም!" ብዬ ተቆጣሁት።

የፈራነው አልቀረም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን ይዞ ተሳፈረ፤ እኔም ላስተናግድ አብሬ ወጣሁ። ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ጸጥ አለ። ነፋሱ ወደ ቋጥኙ ይገፋን ጀመር።

"መልህቅ ጣል እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?" ብሎ ባሌ ላይ ጮኸበት።

ባሌ በጣቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ በር አሳየው። መልህቁ ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ያምራል። ወዲያው ከቋጥኙ ጋር ተላተምን። ተመስገን፣ ከእንግዶቹ ጫማ በቀር የተጎዳ አልነበረም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ባሌ ከዚህ ሥራ ሌላ አያውቅም፤ ቢያባርሩት ምን ይውጠናል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ውሳኔው ተነበበ፤ "ካፒቴኑ መልህቅ በወቅቱ ባለመጣሉ ጥፋተኛ ነው። ለወደፊቱ ጥንቃቄ ሲባል ተጨማሪ መልህቅ ይገዛ።"

እውነትም ተገዛ። የበሩ ግራ ባዶውን ሲታይ ደስ አይልም ተባለና እዚያ ተተከለ።

የኮሚቴው አባላት እግር ላይ ወድቄ ባሌን ከመባረር አስቀረሁት። አሁን የበሩ ጥበቃ ነው፤ ሁለቱን መልህቆች ይጠብቃል። ትናንት ትኬት ቆርጬ ስጨርስ ምሳውን ይዤለት ብሄድ፣ የግራውን በጨርቅ ይወለውላል።

"ምነው፣ ዛሬ ምንም አትልም?" አልኩት።

"ዝም አይነቅዝም ብለሽኝ የለ?" አለኝ።

መርከቡ መንገደኛ ጢም ብሎበት ከወደቡ ሲወጣ ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ትኬቱን ሁሉ የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ።