ሰሚ ይዛችሁ ኑ

ብቸኝነት ብዙ ዓይነት አለው። የቤርሳቤህ ግን አያድርስ ነው! የአገሯ ሰው በአፍንጫዋ ሥር እያለ ሰው ያጣች ልጅ ነበረች። ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ሳዶ የምትባል ነጋዴ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ድሮ ዓርብ ዓርብ ሼክ ኑር ሰፈር ትወርድና እዚያ ካሉት ሐበሾች ጋር ስታወጋ፣ ስትስቅ ውላ ትመለስ ነበር።

ከዚያ ሰሜኑ ላይ ጦርነት ተነሣ። ጦርነት እንደሆነ የይለፍ ወረቀት አይጠይቁትም፤ ድንበሩን ተሻግሮ ሼክ ኑር ገባ። ከአንድ ሳህን ሲጎርሱ የኖሩት ግንበኞችና የቤት ሠራተኞች ሁለት ጎራ ሆነው ተኮራረፉ። ቤርሳቤህ የራያ ልጅ ናት፤ አባቷ ከወሎ፣ እናቷ ከትግራይ። እነዚህ «የእነዚያ ናት» አሏት፣ እነዚያ ደግሞ «የእነዚህ ናት»። ከሁለት ያጣች ሆና ቀረች። ወሬ ጀምረው ስትደርስባቸው ዝም ይላሉ፤ እሷም በመጨረሻ መሄዱን ተወችው።

እናትና አባቷ ቀድመው ስላረፉ፣ በዚህች ምድር ያለቻት ታናሽ እህቷ ጸደንያ ብቻ ናት፤ እሷም ቆቦ። የቆቦ ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፏል። ቤርሳቤህ ግን በየቀኑ ትደውላለች። የምትመልስላት «ደንበኛዋን አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ የተቀዳች ሴትዮ ናት። እሷንም ቢሆን «እሺ እታለም» ሳትላት አትዘጋም። ከአገሯ ሰው በአማርኛ የሚያናግራት ሌላ ማን አለና!

ይሁን እንጂ አንድ ተስፋ ነበራት። ሳዶ ፈቅዳላት ከሰዓት በኋላ የልብስ ስፌት ትማር ነበር። በሥልጠናው ማብቂያ እያንዳንዷ ሠልጣኝ በሰው ፊት ቆማ የሥራ ሐሳቧን ታቀርባለች፤ ዳኞቹ ለመረጧት አንዲት፣ ሁለት የስፌት መኪና ያለው ክፍል ይሰጣታል። ሁለት መኪና፣ ሁለት እህትማማች። ቤርሳቤህ ሌት ተቀን የምታስበው ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ጸደንያን ታስመጣለች፣ አበቃ።

መምህርቷ ፊልሳን ጅግጅጋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ወላሂ ቤርሳቤህ፣ ስፌትሽን የሚያህል የለም። ስታቀርቢ ግን ለእግርሽ ጣት ነው የምታወሪው!»

«ምን ላድርግ፣ ትልቅ ሰው ፊት አንገት ማቅናት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።»

«እዚህ አንገቱን የደፋ ሰው የሰረቀ ነው የሚመስላቸው! አንድ የምትወጂው ፊት ምረጪና ለሱ ንገሪው፤ ሌላው ይሰማል። ደግሞ ሰሚ ይዘሽ ነይ። በኛ ዘንድ ሰው ሲናገር የራሱ ሰዎች ቁጭ ብለው ‘እውነት ነው!’ እያሉ ካልተቀበሉት ንግግሩ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዳኞቹስ ምን ይላሉ? ‘ይህች ልጅ ሰው የላትም እንዴ?’ ነው የሚሉት።»

ሰው የላትም እንዴ! ይህቺ ቃል እንደ መርፌ ወጋቻት። በማግስቱ ዓርብ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ሼክ ኑር ወረደች። ከአንደኛው ጎራ የዕድሩን እናት እትዬ ወርቅውሃን፣ ከሌላኛው ጎራ ግንበኛውን ታሪኩን ለመነች። «ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ብትሰሙኝ ይበቃኛል።» ሁለቱም «እግዜር ያውቃል» አሏት። እግዜር ያውቃል ማለት አንመጣም ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። መንገድ ለመንገድ እያለቀሰች ተመለሰች።

ሐሙስ ደረሰ። ኒምኮ የምትባለው ሠልጣኝ አክስት አጎቶቿን በመኪና ጭና አምጥታ፣ አዳራሹን በ«እውነት ነው!» አናወጠችው። ከዚያ ቤርሳቤህ ተጠራች። ለእሷ ሰዎች የተተወው ረድፍ ባዶውን ነው። ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ መሬት ወረደ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ወርቅውሃ ገቡ፤ ከኋላቸው ታሪኩ። ከዚያ ሲሚንቶ ያልለቀቀው ልብስ የለበሱ ግንበኞች፣ ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ የጠየቁ ሴቶች፣ የዚህኛው ጎራ፣ የዚያኛው ጎራ። ደግሞ ተራርቀው አልተቀመጡም፤ ተደባልቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ወይ ጉድ! ታረቁ፤ በእኔ ጥሪ ታረቁ! አለች ቤርሳቤህ በልቧ። አንገቷ ሳታስበው ቀና አለ። የእትዬ ወርቅውሃን ፊት መረጠችና ጀመረች።

እሷ በአማርኛ፣ ፊልሳን በሶማሊኛ እያስከተለች፣ ስለ ተማሪ ዩኒፎርም ተናገረች። እናት ለልጇ ‘ያድግበታል’ ብላ ሰፊ ትገዛለች፤ ልጁም ዓመቱን ሙሉ በሌላ ሰው ልብስ ውስጥ ይዋኛል። እሷ ግን በልኩ ሰፍታ፣ ውስጡ ትርፍ እጥፋት ትተዋለች፤ ልጁ ሲያድግ እጥፋቱ ይፈታል። የኒምኮ አክስቶች ሳይቀሩ «እውነት ነው!» አሉ።

«ቁልፍና ቀዳዳውን የምትሠራው ደግሞ እህቴ ጸደንያ ናት» ብላ ቀጠለች። «እጇ ከኔ እጅ ይበልጥ ጥንቁቅ ነው። ሁለተኛዋ መኪና የሷ ናት። መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች።»

ይኼኔ ታሪኩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከጎኑ ያለችው ሴት፣ ከወዲያኛው ጎራ የሆነችው፣ ተንሰቀሰቀች። እትዬ ወርቅውሃ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል።

ንግግር እንዲህ ያደርጋል እንዴ? ስንት ጊዜ አፏን ዘግታ የኖረች ልጅ፣ ዛሬ በአንዲት ቃል የተኮራረፈ ሰው አንድ ላይ ስታስለቅስ! ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት። እናም ጨመረች። ጸደንያ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትይዝ፣ ማታ ማታ እግሯን ካላሞቁላት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ነገረቻቸው። እነሱ ባለቀሱ ቁጥር እሷ ትጨምራለች።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ሽማግሌው ባሬ ከሌሎቹ ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩና ብድግ አሉ። «ክፍሉ የዚህች ልጅ ነው» አሉ፤ «ሰዎቿን አያችሁ አይደል!» አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተሞላ። ቤርሳቤህ ከመድረኩ እየሮጠች ወርዳ ወገኖቿ መሐል ገባች።

«እትዬ! ታረቃችሁ አይደል? በሞቴ ታረቅን በሉኝ!»

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«ኧረ አልቀመጥም! ስልኩ ይከፈት እንጂ፣ ለጸደንያ መጀመሪያ የምነግራት…»

እትዬ ወርቅውሃ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ዘቅዝቀው ለበሱት። ከጎናቸው ያሉት ሴቶችም አንድ በአንድ ዘቀዘቁ። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ፣ ለታሪኩ ነበር፤ ደዋዩ ከቆቦ በእግሩ ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ጎረቤት ነው። ከባድ መሣሪያ ቤቱ ላይ ወድቆ ጸደንያን ከነተኛችበት ወስዷታል። ታሪኩ ከተኮራረፉ ወዲህ ረግጦት የማያውቀውን የእትዬ ወርቅውሃን ደጅ ያንኳኳው ያን ጊዜ ነው። መርዶ በማለዳ፣ በራስ ቤት ነው የሚነገረው፤ ይህች ልጅ ግን ቤት የላትም፣ ያለችው በሰው ግቢ ነው። አስቀድመው ቢነግሯት ደግሞ ክፍሉ ይቀርባታል። ስለዚህ ተናግራ እስክትጨርስ ሊጠብቁ፣ ስትሰማም ብቻዋን እንዳትሆን ሁሉም ሊመጡ ተማከሩ።

«ጸደንያ ናት?» አለች ቤርሳቤህ።

ታሪኩ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። እትዬ ወርቅውሃ ላይ ወድቃ ጮኸች። የኒምኮ አክስቶች የደስታ ጩኸት መስሏቸው ከኋላ እልልታውን አቀለጡት፤ ፊልሳን ነገሩ ገብቷት እጇን እያወናጨፈች እስክታስቆማቸው ድረስ እልል አሉ።

አዳራሹ ጭጭ ሲል ቤርሳቤህ ቀና ብላ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች።

«እያወቃችሁ ነው እንዲያ ያስወራችሁኝ?»

«ምን እናድርግ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ወርቅውሃ። «ክፍሉ እንዳይቀርብሽ ብለን ነው።»

«እኔ እኮ ያለቀሳችሁት በደንብ ስለተናገርኩ መስሎኝ ነው» አለች። «ለዚያ ነው የጨመርኩት።»