ቀይ ክር የታሰረበት ፌስታል

ኤልሳ ፍሪጇን ስትከፍት ክው አለች። ጎረቤቷ ዘምዘም ፍሪጅ ስለሌላት ሥጋዋን በቀይ ክር በታሰረ ፌስታል እዚህ ታስቀምጣለች፤ ፌስታሉ አሁንም እንዳለ ተቀምጧል። ቀን ላይ ለማፍጠሪያው ሾርባ ያቀበለቻት እንግዲህ የራሷ ባል ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለው የክርስቲያን ልኳንዳ የገዛውን ነው። ምን ዓይነት የተረገመ እጅ ነው!

አዛን ሊል ነው። ሮጣ እነዘምዘም ኩሽና ገባች።

«ጨዉን ቅመሺልኝ» አለቻት ጾመኛዋ ዘምዘም፣ እንደ ሁልጊዜው።

ኤልሳ በሹክሹክታ ነገረቻት። ሳሎን የተቀመጡት የዘምዘም ባል አባት «ሥጋችንን ክርስቲያን ቤት አታሳድሪ» ብለው አስጠንቅቀዋት ነበር።

«ሾርባው ደረሰ?» አሉ ሽማግሌው።

ዘምዘም የኤልሳን እጅ ጨብጣ፣ ከሰል ላይ የሚንተከተከውን ድስት በእግሯ ገፋችው።

«ወይኔ አባ! ደፋሁት!» ብላ ጮኸች።