በር ማቆሚያው መጥበሻ

አክስቴ ዕቃችንን በካርቶን ስታሽግ የተረፈው አንድ መጥበሻ ብቻ ነው። እሱንም የተወችው አዝናልን እንዳይመስላችሁ፤ አላየችውም። መጥበሻው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የጋራዡን በር ደግፎ ነበር።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ ጡረታ የወጣችው ግን ከሆስፒታሉ እንጂ ከኃላፊነቱ አይደለም። ፊት ለፊት “እትዬ” እያልኩ አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን ወረቀቱ የኔ ስለሆነ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

አባቴ መካኒክ ነው። ጋራዡ ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ፣ መሀላቸው አንድ በር። እኔ ከጋራዡ አንዱን ጥግ ይዤ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ያረጀውን እየተረተርኩ፣ የተረተርኩትን መልሼ እየሰፋሁ ነው የተማርኩት፤ እኔ የሰፋሁት ወንበር ላይ ተቀምጦ የጎረበጠው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ምግብ ማብሰሉንም የተማርኩት በዚያው መንገድ ነው፦ እያበላሸሁ። ያበላሸሁትን ሁሉ የበላው አባቴ ነው። አንድም ቀን ሳህን ገፍቶ አያውቅም ነበር።

ነበር አልኩ። ክረምቱ ላይ አንድ ክፉ ጉንፋን ጣለው። ጉንፋኑ ሲሄድ ባዶ እጁን አልሄደም፤ ሽታና ጣዕም የሚባለውን ጠራርጎ ይዞበት ሄደ። ቤንዚን አፍንጫው ሥር ብትደፉበት አይሸተውም። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ እስከዚያው ብቻ ይብላ አለን። ይቺ “ብቻ ይብላ” የምትባለው ነገር ስትነገር ቀላል ናት። አባቴ ሁለት ማንኪያ ይወስድና “ካርቶን ነው” ብሎ ሳህኑን ወደኔ ይመልሰዋል። ሱሪው እየሰፋበት ሄዶ ቀበቶው ቀዳዳ ሲያልቅበት ወገቡን በሽቦ ማሰሪያ ጠፍሮ ዋለ። ቀጥሎ መኪና መቀበል አቆመ። ቀጥሎ በጋራዡና በቤቱ መሀል ካለው በር አጠገብ ወንበር አስቀምጦ ግድግዳ ማየት ጀመረ።

አክስቴ በየቀኑ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ሾርባዋ በአንድ ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ነው የሚመጣው፤ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ የተፈጨ፣ የተጠለለ፣ የላመ ነው። የታመመ ሰው ጥርሱን ማድከም የለበትም ባይ ናት፤ ስንት ሕመምተኛ በዚያ እጅ ተነሥቷል። አባቴ ግን የሷንም ካርቶን ነው አላት። ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ለብቻዋ ስታለቅስ በመስኮት አይቻታለሁ። ይህንን የምጽፈው በኋላ የምናገረው እንዳይበዛባት ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ካርቶኖች ይዛ መጣች። ከኔ ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር መክራ ጨርሳለች። እሑድ ከምሳ በኋላ አባቴ ወደ እሷ ቤት ይሄዳል፣ ጋራዡ ይከራያል፣ እኔም እብሪቴን ይዤ እከተላለሁ፤ ክፍል ሞልቷል፣ መርፌና ክር እዚያም አለ። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ። እሱን ከጋራዥ አውጥቶ ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ሞተሩን አውልቆ መኪናውን ማጠብ ነው። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ዞር ብዬ አንተስ ምን ትላለህ ስለው “እንዳላችሁ” አለኝ። ለአንዲት ብሎን አጠባበቅ ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው እንዳላችሁ አለ። አክስቴ ድስቶቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ማሸግ ቀጠለች።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሻይና ዳቦ አቀረብኩለት። ሳህኑን ላነሣ ስመጣ የዳቦው ልብ ብቻ ቁጭ ብሏል። ቅርፊቱ የለም። ዙሪያውን እየቆረሰ፣ ግድግዳውን እያየ፣ ሳያውቀው ቅርፊቱን ጨርሶታል። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለዚህ ሰው ምላስ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ስናቀርብለት ከርመናል። የታመመው ምላሱ ነው እንጂ መንጋጋው ብረት ያኝካል።

ሄጄ ለአክስቴ ምሳውን እኔ ልሥራ አልኳት። ከበላ ካርቶኖቹ ይፈታሉ፣ ካልበላ እኔ ራሴ ተሸክሜ እጭናቸዋለሁ። በየትኛው ድስት እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ ድስቱ ሁሉ ስለታሸገ ደስ ብሏት ነበር። ያ የኔ ጉዳይ ነው አልኳት። ፕላስተሩን ካርቶኑ ላይ ለጥፋ በጥርሷ በጠሰችና ፍርዱን ሰጠች።

“እስከ ሳህኑ ወለል። ልመና የለም፣ ማባበል የለም። አንድ ማንኪያ ከተረፈ መኪና ውስጥ ይገባል።”

ሥጋ ቤት ሮጥኩ። ሐኪሙ ከጉንፋኑ በፊትም ቀይ ሥጋና ጮማ ከልክሎት ስለነበር ተርኪ ፍጭልኝ አልኩት፤ ያቺን ዶሮ ነኝ ብላ በግ የምታክለውን። ሥጋ ሻጩ እየፈጨ፣ ልጄ ይሄ ነገር እኮ ጣዕም የለውም፣ በኋላ እንዳትወቅሺኝ አለኝ። ችግር የለም አልኩት፤ የሚበላውም ሰው ጣዕም የለው፣ እኩል ለእኩል ናቸው። የቀልዴን ምንጭ ስላላወቀ ብቻውን ሳቀ። ድንች፣ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ጨምሬ ተመለስኩ።

መጥበሻውን ከበሩ ሥር ሳነሣው በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ አንድ እጅ የማያነሣው ብረት ነው። በደረቅ ጨው ፈተግኩት፣ በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ እሳት ላይ ጥጄ እስኪጨስ አደረቅኩት፣ ዘይት ቀባሁት። እንደገና ፈተግኩት። አክስቴ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ በሆስፒታሉ ይህንን የመሰለ ዕቃ ለአጥር እንኳን እንደማይጠቀሙበት ነገረችኝ።

ድንቹን በጣት ጫፍ ልክ ከተፍኩት፤ ትልቅ ከሆነ ውጪው ሲያርር ውስጡ ጥሬ ነው። ታጥቦ በጨርቅ ደረቀ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሞኘው፤ እርጥብ ድንች ዘይት ውስጥ ገብቶ አይጠበስም፣ ይታጠባል። በጋለው ዘይት ላይ አንድ ላይ ዘረጋሁትና እጄን ሰበሰብኩ። አንዱ ጎን ሲይዝ ገለበጥኩት፣ ሌላው ጎን ሲይዝ ደገምኩት። ወርቅ መስሎ ወደ ሳህን ወጣ። አክስቴ ቀረብ አለች። አፍንጫዋ ከኔ ወገን እንደሆነ ገብቶኛል፤ አፏ ግን ገና ነበር።

ቀጥዬ ሥጋውን መጥበሻው ላይ አስቀምጬ፣ የወንበር ስፖንጅ እንደምዘረጋው በመዳፌ ጠፍጥፌ መጥበሻውን አለበስኩት። ተርኪ ውሃ ያዘለ ሥጋ ነው። አንዴ ነካክታችሁት ውሃውን ከለቀቀ አመድ መስሎ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ይህንን ከማንም አልሰማሁም፤ አበላሽቼ ነው የማውቀው። ስለዚህ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቄ ሽንኩርት ልከትፍ ዞር አልኩ።

ዞር ማለት አልነበረብኝም። አክስቴ ከየትኛው ካርቶን እንዳወጣችው እንጃ፣ ማማሰያ ይዛ ከመቅጽበት ሥጋውን አመሰችውና ትሪ ከደነችበት። ክፋት አይደለም። ዕድሜ ልኳን መቶ ሰው የሚጠብቀው ድስት ፊት የቆመች ሴት እጅ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ምግብ ሲያይ ያሳክከዋል። ትሪውን ሳነሣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ሥጋው ተበታትኖ በገዛ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መልኩ የጋራዡን ወለል ይመስላል። ሌላ ሥጋ የለኝም። ጉሮሮዬ ላይ የመጣውን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ያኔ ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

“ውሃ ገብቶበታል” አለ አባቴ።

ሁለታችንም ዞርን። ሳይጠየቅ ከተናገረ ሰንብቷል። ፊቱ አሁንም ወደ ግድግዳው ነው፣ አንድ ጆሮው ግን ወደኛ ተቀስሯል። ይህንን አቋቋም አውቀዋለሁ። ደንበኛ መኪናውን አስነሥቶ ምን ሆነብኝ ሲለው እንዲህ ነው የሚያዘነብለው።

ተነሣ። የሱሪውን ማሰሪያ ሳብ አደረገና ወደ ጋራዡ ገባ፤ ረጅሙን ካቻቢቴ ይዞ ተመለሰ። ሞተር የሚያዳምጠው በሱ ነው፦ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ። ምድጃው ጋ ደርሶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ግን ማማሰያውን ከታላቅ እህቱ እጅ ወስዶ የኋላ ኪሱ ውስጥ መክተት ነበር።

“እታለም፣ እጅሽን አሳርፊ” አላት።

እሳቱን ጨምሪ አለኝ፤ ጨመርኩ። የካቻቢቴውን ጫፍ የመጥበሻው ከንፈር ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ደገፈና ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ጆሮዬን ሰጠሁ። መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ የሚል የውሃ ድምፅ ነበር። እየቀጠነ ሄደ። እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፦ ጭርርር የሚል፣ ደረቅ፣ ያልተቋረጠ። ውሃው አልቆ ዘይቱ ሥጋውን አገኘው። ሥጋውን ሰብስቤ እንደገና ጠፈጠፍኩት።

አክስቴ አልቻለችም። አረረ፣ አረረ እያለች በእግሯ ጣት ቆመች።

“አላረረም” አላት ዓይኑን ሳይገልጥ። “ሲያርር ድምፁ ይቆረጣል።”

ጠበቅን። ጭስ ቢጤ ተነሣ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እኔም እነካው ነበር፤ ይህቺን ታህል አምናለሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አታስምሉኝ። አባቴ ጣቱን አነሣ።

“አሁን።”

ገለበጥኩት። ከሥሩ አዲስ ቆዳ የለበሰ ወንበር መስሎ ወጣ፤ የቀላ፣ የጠነከረ፣ ጠርዙ የሚሰበር። አክስቴ ከእግር ጣቷ ወርዳ በተረከዟ ቆመች። ሽንኩርቱን ጨመርኩ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ በተንኩ፣ ድንቹን መለስኩበት፣ ሁሉንም ተጭኜ ለጠፍኩት። ካቻቢቴው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለተኛው “አሁን” እስኪመጣ ሦስታችንም አንድ መጥበሻ ላይ ጆሯችንን አዘንብለን ቆምን። የጋራዡ በር ተከፍቶ ቢሆንና ሰው ቢያልፍ እብዶች ናቸው ይለን ነበር።

ሞልቼ አቀረብኩለት። አልለመንኩም፣ አላባበልኩም፤ ቃሌ ቃል ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጥፍሬን አየሁ። የመጀመሪያውን ማንኪያ አስገባ። ቀርጨጭ አለ። ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ፣ አክስቴ ጋ ደረሰ። ማኘክ አቆመና ወደ ሳህኑ አየ። ሁለተኛውን አስገባ። ሦስተኛውን ሳይውጥ አራተኛው በማንኪያው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደ ድሮው፣ ሥራ እንደሚጠብቀው ሰው በላ። ወለሉ ሲታይ አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ጣዕሙ መጣልህ?” አለችው።

“አልመጣም” አለ አባቴ። ሳህኑን ገፋ፤ ወደኔ ሳይሆን ወደ መጥበሻው በኩል። “ግን ጥርሴ ሥራ አገኘ። ከሥር የተጣበቀውን ፋቂልኝ።”

ፋቅኩለት። ቁጭ ብዬ ሳይሆን ቆሜ፣ ቀና ብዬ ነው የፋቅኩት። አክስቴ ከጠርዙ አንዲት ቁራጭ በጣቷ አነሣችና አኘከች። ጨው አንሶታል አለች። እትዬ፣ እርስዎ ጡረታ ላይ አይደሉም እንዴ አልኳት። አየችኝ። ሳህን አምጪ አለችኝ።

ስንጨርስ አባቴ ማማሰያውን ከኪሱ አውጥቶ ለአክስቴ በክብር መለሰላት፤ ቀጥሎም የመኪናዋን ቁልፍ ጠየቃት። ትናንት ስትገባ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲያለቅስ ሰምቷል፤ እንዲያ እያለቀሰ እንኳን እሱን አሳፍሮ እሷንም ቤቷ አያደርሳትም። አክስቴ ቁልፉን ሰጠችው። ወደ ጋራዡ ገብቶ የውጭውን በር ከፈተ፤ በሩም እንደ ልማዱ ተመልሶ ጓ አለ። ከፈተው፣ ጓ አለ። ማቆሚያው ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ ምድጃ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ከዚያ አያወርደውም።

በሩን በካርቶን ልደግፍለት ስነሣ አክስቴ ቀደመችኝ። ያሸገችበትን ፕላስተር እየላጠች ድስቶቼን አንድ በአንድ አወጣችልኝ። ከዚያ ሾርባ የምታመላልስበትን ትልቁን ድስቷን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ፣ ወስዳ በሩ ሥር አስቀመጠችው። በእግሯ ነካ አድርጋ ሞከረችው።

“ቀላል ነው” አለችኝ። “ብሎን ሙዪበት።”

ሞላሁበት። አባቴ የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ አስነሺው ሲላት ሰማሁ።